የአስቻለች ነጭ ጽጌረዳ

የምነግራችሁ ነገር በእውነት ሆኗል። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

የሆነው እዚሁ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ በእኛ ሰፈር ነው። ጊዜው ያለፈው ክረምት። ሌሊት አልነበረም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሰው ሁሉ በየሥራው ባለበት።

አብዛኛውን የሰማሁት ከጎረቤቴ ከገለታ አፍ ነው። መጨረሻውን ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ገለታ ጡረታ የወጣ ጥበቃ ነው። ሚስቱ ሞታለች። የሚኖረው ከልጁ ከኢፍቱና ከልጅ ልጁ ከሊሚ ጋር ነው። ኢፍቱ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ቀኑን ሙሉ ሕፃኗን የሚይዛት እሱ ነው።

ሊሚ ገና አራት ዓመቷ ነው። ገለታ ከእሷ ሌላ ዓለም የለውም።

ከገለታ ቤት በላይ ያለው ግቢ የአስቻለች ነበር። መንገድ ሊሠራ ነው ተብሎ ቤቷ ፈረሰ። እሷም ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገባች። ከፍርስራሹ መሐል ቆሞ የቀረው ነጭ ጽጌረዳዋ ብቻ ነበር።

ያንን ጽጌረዳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ተክል አይከለከልም። ጤና አዳም የፈለገ፣ ጌሾ የፈለገ ከጎረቤቱ ቆርጦ ይሄዳል። አስቻለች ግን ከዚያ ጽጌረዳ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ለቀብር አበባ የለመኗትን እንኳ እንቢ ብላለች። ስስታም ናት ተባለ።

ገለታ ተክሉ አሳዘነው። ዶዘሩ መጥቶ ሳይደፈጥጠው ዘሩን ላትርፍ አለ።

አንድ ጠዋት ቢላዋ ይዞ ወጣ። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ መርጦ፣ ከአንጓው ሥር ሰያፍ አድርጎ ቆረጠ። ከላይ ሁለት ቅጠል ትቶ ሌላውን አራገፈው። ውኃ ሊቀዱ የወጡ ሴቶች አይተው ሳቁበት። በዚህ ዕድሜህ ጽጌረዳ የምትሰጣት ማን ናት ብለው አሾፉ። ለሊሚ ነው አላቸው።

እውነቱን ነው። ለሊሚ ነበር።

ሊሚ ስትወለድ እትብቷን የቀበረው ገለታ ነው። ግድግዳው ሥር፣ ጥላ ያለበት፣ አፈሩ ለስላሳ ቦታ። በገለታ ወገን ልማድ እትብት በተቀበረበት ላይ ተክል ይተከላል። ልጅና ተክል አብረው ያድጋሉ ይባላል። እሱ ግን ሳያደርገው ቆይቶ ሁልጊዜ ይቆጨው ነበር።

ቅርንጫፉን እዚያው ላይ ተከለው። አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀ። እርጥበት እንዲይዝለት ቂጡ የተቆረጠ የውኃ ሃይላንድ ደፋበት።

በቃ። ያደረገው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያስተዋለው ሃይላንዱን ነው።

የተደፋ ፕላስቲክ ከውስጥ ማላቡ ያለ ነው። ይሄኛው ግን ላቡ ይመጣል... ይሄዳል።

ጭጋግ ይለብሳል... ይጠራል።

ይለብሳል... ይጠራል።

ገለታ ቁጢጥ ብሎ አየው። የተኛ ሰው አፍንጫ ሥር መስተዋት የያዙበት ይመስል ነበር።

ዓይኔ ነው አለ። ተነሥቶ ገባ።

ቅርንጫፉ ጸደቀ። ቶሎ ጸደቀ... ከልክ በላይ ቶሎ። ገና ሥር ሳይሰድ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሃይላንዱን ሲያነሣለት ቅጠሎቹ ወደ ፀሐይ አልዞሩም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቤቱ በር መለሱ።

በዚያው ሰሞን ሊሚ ምግብ ቀነሰች።

ቀን ስትተኛም ወደ አልጋው ጠርዝ መጠጋት አመጣች። ገለታ ወደ መሐል ይመልሳታል። ዞር ብሎ ሲመጣ ጠርዙ ላይ ያገኛታል። አንድ ቀን ልትወድቅ ተንጠልጥላ ደረሰባትና ለምን መሐል አትተኚም አላት።

“ቦታ የለም፣ አባባ” አለች፣ በሹክሹክታ።

“ማን ይዞት?”

“ቀስ በል... ተኝቷል።”

አልጋው ላይ ማንም አልነበረም።

ገለታ እጁን ሰደደ። አንሶላው ሞቋል።

ኢፍቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ደሟን አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ ምንም የለባትም ተባለ። ልጅቱ ግን ትከሳለች። እጇ የመጥረጊያ እንጨት አከለ። ሊሚ ብለው ሲጠሯት እንኳ ዘግይታ ነው የምትዞረው፣ የሌላ ሰው ስም እንደተጠራ ሁሉ።

ጽጌረዳው ግንዱ ወፍሯል።

ገለታ ነገሩን ከተክሉ ጋር ማገናኘት አልፈለገም። ሆኖም አላስችለው አለ። የአስቻለችን ስልክ ከዕድር ሰዎች አፈላልጎ ደወለላት። ዘርሽን አተረፍኩልሽ ብሎ ጀመረ፣ እንዳትቀየመው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

“የት ነው የተከልከው?”

ነገራት።

“እትብት ላይ?”

“አዎ።”

“ወይኔ ገለታ...” አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። “እሱ ላይ እኮ የልጄ አለበት።”

ከእኛ ሰፈር ማንም የማያውቀውን ያን ጊዜ ነገረችው። እኛ ወደ ሰፈሩ ሳንመጣ በፊት ወልዱ የሚባል ልጅ ነበራት። ያንን ጽጌረዳ በእትብቱ ላይ የተከለችው እሷ ናት። ልጁ በሊሚ ዕድሜ ታሞ ሞተ፤ ተክሉ ግን ያን ዕለት አበበ። ባሏ ነቅለሽ ጣይ ቢላት እንቢ አለች። ልጄ ሄዷል፣ የቀረው ግን ተክል ብቻ አይደለም አለችው ለገለታ። ቅርንጫፉን ለሰው የማትሰጠውም ስስት ይዟት አልነበረም።

ሳልመጣ እንዳትነካው ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ መጣች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ዝናቡ አባርቷል። ኢፍቱ ሥራ ናት። ሊሚ ውስጥ ተኝታለች።

አስቻለች ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። በቀጥታ ግድግዳው ሥር ሄዳ ተንበረከከች። ቅጠሎቹን የልጅ ራስ እንደሚዳሰስ ዳሰሰቻቸው። ገለታ ልጅቷን ሳልጎዳ እንዴት ልንቀለው አላት።

“ሥሩ ከሁለቱም ልጆች ገብቷል” አለች። “ስትነቅለው አንዱ ይወጣል። የትኛው እንደሚወጣ እኔም አላውቅም።”

“ባልነቅለውስ?”

“አንድ ገላ ለሁለት አይበቃም። ልጅቷን እያየሃት ነው።”

ከዚያ ጎንበስ አለች። አፏን ወደ አፈሩ አስጠጋች።

“ወልዱ...”

አፈሩን በመዳፏ ደባበሰች።

“ወልዱ... የኔ ጌታ...”

ከቤት ውስጥ፣ ከሊሚ አልጋ ላይ፣ መልስ መጣ።

“አቤት፣ እማ።”

ድምፁ የሊሚ ነው። ሊሚ ግን እናቷን እማ ብላ አታውቅም። በስሟ ነው የምትጠራት።

የአስቻለች ፊት በራ። ገለታ እንዳለኝ፣ ከድምፁ ይልቅ ያስፈራው ያ ፊት ነው። ለመንቀል እንዳልመጣች ገባው። ግንዱን ጨበጠ። እሾሁ መዳፉ ውስጥ ገባ። እሷ በሁለት እጇ የእጁን አንጓ ያዘችው።

“ተወው... አንዴ ብቻ ልየው።”

“ልጄ እያለቀችብኝ ነው፣ አስቻለች።”

“እሱም ልጄ ነው።”

ነቀለው።

ቤት ውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ። አጭር ነው... እንደ ተቆረጠ ነገር።

ጩኸቱን እኔም ሰምቼ ዘለቅሁ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ግድግዳው ሥር ጉድጓድ ብቻ። ቤት ስገባ ሊሚ ገለታ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ወዝ አግኝቷል። ራበኝ ብላው ዳቦ በሻይ እየነከረ ያጎርሳታል። እጁ ይደማል፣ እሱ ግን አላየውም። ያለቅሳል፣ ይስቃል። የሆነውን ሁሉ እየቆራረጠ ነገረኝ።

ልጅቷ ትበላለች። ዓመታት ያልበላ ሰው እንደሚበላ ትበላለች።

ገለታ አስቻለች ሳትሰናበተው መውጣቷ ከነከነው። ሮጥ ብለህ እያት፣ በዚህ ጭቃ እንዳትወድቅ፣ ጎረቤት አይደለች አለኝ። ወጣሁ።

ዳገቱን ወደ ታክሲው በኩል እየወረደች ነበር። ቀስ ብላ። በግራ እጇ ጽጌረዳውን ይዛለች፣ ሥሩ ተንጠልጥሏል፣ አፈር ያንጠባጥባል።

በቀኝ እጇ ደግሞ የልጅ እጅ ይዛለች።

ባዶ እግሯን የሆነች ትንሽ ልጅ።

አስቻለች ወደ ልጅቱ አታይም። ፊት ለፊቷን እያየች፣ ፈገግ ብላ፣ ለብቻዋ ታወራለች። ልጅቱ ወደ ኋላ ትጎተታለች። ጭቃው ላይ ግን ዱካ አልነበራትም።

አንገቷን መልሳ አየችኝ።

ከተወለደች ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት።

አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። ከንፈሯን ግን አየሁት...

አባባ።

ከኋላዬ፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ሊሚ ዳቦ ጨምርልኝ ስትል ሰማሁ።