በወረቀት የተሸፈነው ፓራፋንጎ

ሰውየው የተገኘው መኪና በሚያሽበት ጋራዥ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ነው። ጭንቅላቱ ከአንድ የብረት ጠረጴዛ ሥር ተፈንክቶ፣ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ከፈሰሰ ውሃ ዳር ነበር። ከጎኑ አንድ ያረጀ ቀይ መኪና ቆሟል፤ ጣሪያው፣ ኮፈኑና በሮቹ ታሽተው እንደ አዲስ ቀልተዋል፤ የኋላው ገና በፀሐይ እንደተበላ ገርጥቶ ቀርቷል። ሟቹ በሰፈሩ «መስታወቱ» ይባል ነበር፤ እሱ ፖሊሽ ባደረገው መኪና ላይ ሰው ፂሙን ይላጫል እየተባለ ይቀለድ ነበርና።

የጣቢያው ፖሊስ «አዳልጦት ነው» ብሎ ሊጨርስ ሲል መርማሪዋ ደረሰች። አጭር ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሲያዩዋት ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች እንጂ ወንጀል ልትመረምር የመጣች አትመስልም። እያቃሰተች አጎነበሰችና መጀመሪያ የሟቹን ጫማ አየች። በውሃ አዳልጦት ወደቀ የተባለው ሰው የጫማው ሶል ደረቅ ነው።

ቀጥሎ ፖሊሽ ማሽኑን ተመለከተች። ከሟቹ እጅ አንድ ክንድ ርቆ፣ ስፖንጁን ወደ ላይ አድርጎ በጀርባው ተኝቷል። ባልዲው ውስጥ የተጣሉት ስፖንጆች የመኪናውን ቀለም ጠጥተው ደም መስለዋል። ማሽኑ ላይ ያለው ግን ነጭ ነው። ከፊት ጎማው በላይ ያለው የመኪናው የግራ ፓራፋንጎ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። መርማሪዋ ይህን ሁሉ አይታ ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘችና ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠራች።

ሰፈሩ ጣቱን የቀሰረው ጎረቤቱ በያጅ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት የብየዳው ብልጭታ ታሽቶ ያለቀ መኪና ላይ አርፎ ከሟቹ ጋር ተናንቀዋል። በያጁ አልካደም።

«ተጣልተናል» አለ። «ግን እኔና እሱ በተጣላን ቁጥር ሰው ቢሞት ኖሮ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ባልተገኘ። የአብዬን ወደ እምዬ ነው የሚያደርጉት።»

የሟቹ ሚስት ምሳ ይዛ መጥታ ሬሳውን ያገኘች ናት። መርማሪዋ ከለቅሶዋ ይልቅ ቀሚሷን አየች። ጥቁሩ ታጥቦ ታጥቦ ነጣ ብሏል፤ ባሏ ከሞተ ግን ገና ሦስት ሰዓቱ ነው። ስትጠየቅ፣ ጥቁር የለበሰችው ከሁለት ዓመት በፊት ለሞተችው ልጇ እንደሆነ ተናገረች። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪና ገጭቷት ሳይቆም ሄደ። ገጪው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም እዚያው ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው። ቀለም የመቀመም እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ሌላው በማሽን የሚያጣውን ቀለም እሱ በዓይኑ ያመጣዋል። «በምሳ ሰዓት ቀለም ልገዛ ወጥቼ ነበር» አለ። ቀዩ መኪና የሟች አባታቸው ንብረት እንደነበረ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ሁለት ዓመት ሸራ ለብሶ እንደቆመ ነገራት።

መጨረሻ ላይ የወንድማማቾቹ እናት ጋ ገባች። ከጋራዡ ጀርባ ባለች ክፍል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ በሕመም አብጦ ተጣሟል። ከባላቸው ጋር ሠላሳ ዓመት መኪና ያሹ ሴት ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆች ሙያውን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

«ከመሞቴ በፊት የአባታችሁን መኪና ቀልታ ልያት ብዬ ትልቁን ልጄን የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ፣ ሁለት ነበሩኝ፤ አንድ ቀረኝ። አዳልጦት ነው በይና ተይልኝ።»

መርማሪዋ እጃቸውን ይዛ ቆየች።

ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አደረገች። ሌላ ማሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አራቱንም በየተራ «እስቲ ይቺን መሬት አውርዱልኝ» አለች። በያጁና ሚስትየዋ ስፖንጁን ወደ ታች አድርገው አስቀመጡት። ቀለም ቀቢውና እናትየው ግን ሳያስቡት ገልብጠው አስተኙት። ከዚያ ሁለት ቀን ከአንድ አሮጌ ፋይል ጋር ተዘግታ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራቱንም ጋራዡ ውስጥ፣ ቀዩ መኪና ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሰው አዳልጦት ሲወድቅ የያዘውን ይለቃል፤ ማሽኑም በስፖንጁ ይወድቃል» ብላ ጀመረች። «ይኼኛውን ግን ሰው አስተኝቶታል። ስፖንጅ አሸዋ ከያዘ ቀለም ይቧጭራል። ሬሳ አጠገብ ቆሞ እንኳ እጁ ይህን የማይረሳ የሙያው ሰው ብቻ ነው። ውሃውም የፈሰሰው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሶሉ ደረቅ ነበር።»

በያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ከሙያው ሰዎች የቀሩት ሁለት ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ እናትየው።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። እሳቸው ፊታቸውን ሳይቀይሩ፣ በነገር ተጋጭተን ገፋሁት፣ ውሃውን ያፈሰስኩትም ወረቀቱን የለጠፍኩትም እኔ ነኝ አሉ። መርማሪዋ ከኪሷ አንድ ጥቅልል የወረቀት ፕላስተር አውጥታ ሰጠቻቸው።

«እንግዲያው ትንሽ ቀድደው ይለጥፉልኝ፣ እማማ።»

አሮጊቷ ጥቅልሉን ይዘው ጫፉን በጥፍራቸው ፈለጉ። አገላበጡት። ጣታቸው ተንሸራተተ፤ እንደገና ሞከሩ፤ በጥርሳቸውም ሞከሩ። ቀለም ቀቢው ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። መርማሪዋ የምታየው የእናትየውን እጅ ሳይሆን እሱን ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ምንም አላለም። ብዙ ጠበቀችው። በመጨረሻ ጥቅልሉን ከአሮጊቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች።

«ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ፕላስተር የሚለጥፈው ጎማና መስታወት ጠርዝ ላይ ነው» አለች። «መኪናን ወረቀት የሚያለብስ ቀለም የሚረጭ ነው። እዚህ ደግሞ የፕላስተሩ ጫፍ ሁሉ በኋላ ለመላጥ እንዲመች ታጥፏል።»

ጋዜጣውን ሳበችው። ከሥሩ የወጣው ፓራፋንጎ ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ግን ገርጥቶ እንደነበረው ነው።

«አበራ እንጂ አልቀላም። ፀሐይ ያደበዘዘው ሲታሽ ከሥሩ ቀዩ ይወጣል፤ ይህ ከሥሩ የሚወጣ የለውም፤ ሲቀባም ደብዝዞ ነው የተቀባው። ከሌላው አካል ጋር እንዲመሳሰል ተቀምሞ፣ ላዩ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ተደርጎበታል፤ ስፖንጁ ነጭ የቀረው ለዚህ ነው።» በጣቷ አንኳኳችው፤ ብረት ሳይሆን የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ስቱኮ ጮኸ። «‹መስታወቱ› ይህን ሲያይ የማን እጅ እንደሆነ፣ ለምን እንደተደበቀም ገባው። ከተገጨችው ልጁ አጠገብ የተለቀመው የመብራት ስባሪ ፋይሉ ውስጥ ነበር። የዚህ መኪና ዓይነት ነው። የግራው መብራት ደግሞ ከቀኙ ይልቅ አዲስ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ከጠራ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ግን ተረቱ አይናገርም። በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ቀለም ቀቢው የተናገረው ትንሽ ነው። መኪናው እንዳይነካ ሞተሩ ሞቷል ብሎ ዋሽቶ ነበር። የዚያን ዕለት ከውጭ ሲመለስ ወንድሙ ፓራፋንጎውን በመዳፉ እየዳበሰ ያለቅስ ነበር። «‹ልጄን› አለኝና አነቀኝ፤ ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ጠረጴዛውን መታ። ፓራፋንጎውን የሸፈንኩት ማንም እንዳያየው ነው» አለ።

ሚስትየዋ ድምጿን ሳታነሳ ጠየቀችው። «ትተሃት ስትሄድ ትተነፍስ ነበር?»

«ዞሬ አላየሁም።»

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው እናትየው ተነስተው ፊቱ ቆሙ። ልጃቸውን እንዳይወስዱባቸው ሊለምኑ ነው ብላ መርማሪዋ ፊቷን አዞረች።

«ወረቀቱን እንዳየሁ አውቄያለሁ፤ ጥፋቱን ልሸከምልህ ቆርጬ ነበር የመጣሁት» አሉት። «ያንን ፕላስተር ስታገል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ‹እሷ አይደለችም› ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

እናትየው የምራታቸውን ክንድ ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።