ድምፁ የእኔ፣ ቃሉ የሰው

አቶ ወልደየሱስ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሃያ ሰባት ሰው ገድለዋል፤ ሁሉንም በሬዲዮ። ቅዳሜ ከሰዓት «ሦስተኛው ኮቴ» የተባለው ተከታታይ ድራማቸው ሲጀምር የሆሳዕና ከተማ ባጃጆች ሳይቀሩ ጥግ ይይዙ ነበር። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ሃያ ስምንተኛው ሟች እሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ጎፈር ሜዳ ካለው ግቢያቸው ጓሮ፣ ግድግዳው የእንቁላል ካርቶንና የፍራሽ ስፖንጅ በለበሰው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ከጎናቸው የማይክሮፎኑ ከባድ የብረት ማቆሚያ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደም አለ።

ኢንስፔክተር ጵርስቅላ ስትደርስ ዝናቡ ካባራ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ግቢው ጭቃ ሆኖ ጫማዋን ይዞ አልለቅ አላት። እሷም የድራማው ምርኮኛ ነበረች። ገዳዩን ከመጨረሻው ክፍል አስቀድማ እየተናገረች ባሏን ታናድደው ነበር። አሁን የምትወዳቸውን ደራሲ መሬት ላይ ተደፍተው አየቻቸው። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ የስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያ ምስክር ቆሞ ያለቅሳል። ምስክር አቶ ወልደየሱስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በቤታቸው አኑረው ያስተማሩት፣ በመጨረሻም የስቱዲዮውን ቁልፍ የሰጡት ሰው ነው።

«ዝናቡን ሻይ ቤት አሳልፌ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስመጣ ጋሼ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው» አለ። «መቅረጫው ይሠራ ነበር። አጥፍቼው ነው ፖሊስ የጠራሁት። ምን እንደቀረጸ ለመስማት አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ጵርስቅላ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ልማዷ ነው። ቅጂው የተጀመረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ድምፄን ሰጥቼ፣ ዛሬ ከድራማው አስወጣሻለሁ ይሉኛል?» ይላል የሴት ድምፅ። የብረት ኳኳታ ተከተለ፤ ከዚያም ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። «አባባ! ወለሉ ላይ ቀሩ... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ድምፁን ለመለየት ባለሙያ አላስፈለገም። የድራማው ዋና ተዋናይ፣ የሟቹ ምራት፣ ትርፊት ናት። ባሏ ጠና ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሮጦ መጥቶ ቅጂውን ሰማ። ሁለት ጊዜ ሰማው። ትርፊት ከፊቱ ቆማ «ጠና፣ እኔ አይደለሁም» ስትለው ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«የሚስቴን ድምፅ አላውቅም እንዴ?» አለ። ከዚያ የአራት ዓመት ልጃቸውን ሐዳሳን አቅፎ ጃጁራ ወዳለችው እህቱ ዘንድ ይዟት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ትርፊት ልጇን ለመሳም እጇን ስትዘረጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። ጵርስቅላ ሴትዮዋን ወደ ጣቢያ ስትወስዳት ደስ አላላትም። በዚያ ድራማ ውስጥ በመጀመሪያው ደቂቃ የተያዘ ሰው ገዳይ ሆኖ አያውቅም። ይህ ግን ድራማ አይደለም ብላ ራሷን ገሠጸች።

ከቀትር በኋላ ናስረዲን ዘንድ ሄደች። ናስረዲን በመናኸሪያው አቅራቢያ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ በድራማው ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚጠላው ተንኮለኛ ሻምበል ነው። ገበያተኛ ሴቶች ጨርቁን እየገዙ እሱን ይረግሙታል፤ እሱም በዚህ ይኮራል።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር አሉ» አለችው።

«እንዴት አልጨቃጨቅ! በመጪው ቅዳሜ ሊገድሉኝ ነበር እኮ!»

«ማን?»

«እሳቸው ናቸዋ! ሻምበሉን በመርዝ። ዘጠኝ ዓመት ለፍቼበት በመርዝ? ቢያንስ በጥይት ያድርጉት ብዬ ለመንኳቸው።» ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፤ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በስተመጨረሻ ግን ግራ የገባ ነገር ጠየቁኝ። ‹ቀብራችሁን ሳላይ አልሞትም› የሚለውን መስመር መቼ ነው የቀረጽከው አሉኝ። እንዲህ ያለ መስመር አንብቤ አላውቅም አልኳቸው። ‹በገዛ ድምፅህ ሰማሁት› አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰማዩ ጠቆረ። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ የለም፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ነው። ሱቅ ስገባ አራት ሰዓት ገና አልሆነም። ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ፤ እስከ አምስት ሰዓት አላቆመም። ሰባት ሰርገኞች እዚህ ሆነው ጨርቅ ስቆርጥላቸው በጩኸት ነበር የምንነጋገረው፤ ይጠይቋቸው።»

«ዝናብ መሃል ቀረጻ ላይ ከመጣስ?»

«ምስክር አለልን አይደል! በኮምፒውተሩ ጠብታዋን አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣታል። ‹ዝናብ አጥፊው› ነው የምንለው።»

ሰርገኞቹም የናስረዲንን ቃል አረጋገጡ። ጵርስቅላ ወደ ጣቢያ ተመልሳ ትርፊትን አስጠራች። ትርፊት ረጋ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ከአማትሽ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እናትና አባቴን ትቼ ከዳምቦያ ስመጣ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ሐዳሳን የተገላገልኩ ቀን ቀረጻ አቋርጠው ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። መሬቱ ላይ ተደፍተው ሳያቸው እኔም አብሬ የሞትኩ ነው የመሰለኝ።»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤት ውስጥ ልጄን አስተኝቼ ልብስ ሳጣጥፍ። በዝናብ ቀረጻ እንደሌለ ስለማውቅ ወደ ጓሮ አልወጣሁም። ማንም ግን አላየኝም።»

ኢንስፔክተሯ ቅጂውን እንደገና አሰማቻት። ትርፊት እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደተመታ ሰው ደነገጠች።

«ድምፁ የኔ ነው» አለች። «ቃሉ ግን የኔ አይደለም።»

«የትኛው ቃል?»

ትርፊት አንገቷን ደፋች። «እሱን ልነግርዎ አልችልም።»

«እስር ቤት ነው ያለሽው፣ እህቴ። ልጅሽ ተወስዳብሻለች። የሚያድንሽ ነገር ካለ አሁን ተናገሪ።»

«አባባ ገና ሳይቀበሩ ከአፌ አይወጣም። ያ ቢወጣልኝ ኖሮ ቅጂውም እውነት በሆነ ነበር።»

ጵርስቅላ ተናደደች። እንቆቅልሽ የምትወደው በሬዲዮ ብቻ ነው። ሴትዮዋን አስወጥታ የዘጠኝ ዓመቱን የድራማ ጽሑፍ ከስቱዲዮው አስመጣችና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። አቶ ወልደየሱስ በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። ሲሰርዙ በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ስርዛቸው ደግሞ ቅጥ የለሽ አይደለም። በትርፊት መስመሮች ውስጥ «ወለደች» ተሰርዞ «ተገላገለች»፣ «ወላጆቼ» ተሰርዞ «እናትና አባቴ»፣ «ወለም አለኝ» ተሰርዞ «ተጣመመ» ይላል። በናስረዲን መስመሮች ግን እነዚያው ቃላት አልተነኩም። ጵርስቅላ ገጹን እያገላበጠች ሳለ በድንገት የገዛ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ የከምባታ ልጅ ነበረች፤ ሆመቾ ተድራ ስትኖር አንዳንዱን ተራ ነገር በዞረ ስም ነበር የምትጠራው። ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና የምስክር ኮምፒውተር እንዲመረመር ትእዛዝ ሰጠች።

አቶ ወልደየሱስ ዓርብ ተቀበሩ። ትርፊት ለቀብሩ አልተፈቀደላትም። ቅዳሜ ጠዋት ጵርስቅላ አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትርፊት በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመች። ጠና ከእሷ በጣም ርቆ ግድግዳውን ተደገፈ። ናስረዲን ኮፍያውን አውልቆ ይዟል፤ ምስክር ከለመደው የድምፅ ማቀናበሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ቅጂውን አጫወተችው።

«አቶ ናስረዲን፣ ምን ጎደለው?»

«ምንም አይጎድለውም፤ ጥርት ያለ...» ብሎ ጀመረና ቀና ብሎ ጣራውን አየ። «ያ ረቢ! ዝናቡስ?»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር» አለች ጵርስቅላ። «በሱቅ ውስጥ ሰው ለመደማመጥ ይጮህ ነበር። እዚህ ቆርቆሮ ሥር የተቀረጸው ግን አንዲት ጠብታ የለውም።»

«ስፖንጁ ያፍነዋል» አለ ምስክር ቶሎ ብሎ።

«ስፖንጁ ካፈነውማ በዝናብ ቀረጻ የምታቋርጡት ለምንድን ነው?»

ጵርስቅላ ወደ ጠና ዞረች።

«አቶ ጠና፣ ባለቤትዎ አባትዎን በስማቸው ጠርታ ታውቃለች?»

«በፍጹም። የከምባታ፣ የዳምቦያ ልጅ አይደለች? የአገሯን ወግ፣ ባሊሻን ትጠብቃለች። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም።»

«ስሙን ብቻ ነው?»

«አይ፣ ስሙ በሚጀምርባቸው ሁለት ድምፆች የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች። በከምባትኛም በአማርኛም። አባቴም ይህን ስለሚያውቅ ጽሑፉን ሲሰጣት...»

ጠና አልጨረሰም። ጵርስቅላ መጨረሻውን ደግማ አጫወተችው። «አባባ! ወለሉ ላይ ቀሩ...» ጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ወልደየሱስ፣ ወለል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከተዳረች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ያልነካች ሴት፣ ንጹሕ መሆኗን ለማስረዳት እንኳ ልትጠራው አልቻለችም። አጥፊነቷን አመንኩና አሰርኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እንግዲህ ድምፁ የእሷ ከሆነ፣ ቃሉ ግን ካልሆነ፣ ቃሉን ድምፅዋ ላይ የጫነው ማነው? የዘጠኝ ዓመት ድምፅዋ በእጁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዝናብን ከቅጂ ማጥፋት ሥራው ስለሆነ፣ ማስገባት ትዝ ያላለው።»

ሁሉም ወደ ድምፅ ማቀናበሪያው ወንበር ዞሩ።

«በኮምፒውተርህ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ፕሮግራም ተገኝቷል» አለችው። «በውስጡም የሁሉም ድምፅ በየስማቸው ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ አዘጋጆች ጋር የተጻጻፍከውም አለ። ‹ሦስተኛው ኮቴ› የኔ ድርሰት ነው፣ ተዋናይ አያስፈልገውም፣ ድምፆቹ ሁሉ በእጄ ናቸው ብለሃቸዋል። ለናሙና የሠራኸውን፣ ‹ቀብራችሁን ሳላይ አልሞትም› የሚለውን የናስረዲንን ድምፅ ሐሙስ ጠዋት አቶ ወልደየሱስ ሰሙት። ናስረዲንን ጠይቀው እውነቱን ካወቁ በኋላ ወደ አንተ መጡ። ከዚያ ዝናቡ ማንም የማይመጣበት አንድ ሰዓት ሰጠህ። ቅጂውን ሠርተህ ሰዓቱን ሞላህበት።»

«ሌባ አሉኝ» አለ ምስክር በቀስታ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም ነበር። ቁልፉን አምጣ፣ ከቤቴም ውጣ አሉኝ። ማቆሚያው እጄ ላይ ነበር...»

ናስረዲን ሊዘልበት ሲል ፖሊሱ ያዘው። ሻምበሉን ሆኖ ስንት ሰው ያስፈራራ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ትርፊት ግን አልጮኸችም። ለዚህ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳውን አቅርባለች፣ ሲታመም አስታማዋለች፤ ወንድሜ ትለው ነበር።

«ለምን በኔ ድምፅ?» አለችው።

ምስክር ቀና ብሎ አላያትም። «እትዬ፣ ሰው የሚያምነው ያንቺን ነው።»

«ጆሮህ የእንጀራህ መሣሪያ ነበር» አለችው ጵርስቅላ፤ ንዴቷን መደበቅ አቃታት። «ዘጠኝ ዓመት ማዳመጫ አጥልቀህ ስትሰማት፣ የማትናገረውን ግን አንድም ቀን አልሰማህም።» እጁን በካቴና አስራ አስወጣችው።

ግቢው ውስጥ የጠና እህት ሐዳሳን ከጃጁራ ይዛት መጥታለች። ልጅቷ ሮጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ጠና ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ፤ መምህር ነው፣ ንግግር አያልቅበትም ነበር።

«ትርፊት... ድምፅሽ ነበር እኮ። ማንም ሰው ቢሰማው...»

«ማንም ሰው ብትሆን አልቀየምህም ነበር» አለችው። «ኢንስፔክተሯ አታውቀኝም፤ ይዛ አሰረችኝ፣ ሥራዋ ነው። አንተ ግን ዛሬ ስትጠየቅ ሳታስብ ነው የመለስከው። ሐሙስ ዕለትም ታውቀው ነበር። ሁለት ጊዜ አዳምጠህ፣ ልጄን ይዘህ ሄድክ።»

«ይቅር በይኝ። ደንግጬ ነው። አባቴ ነው የሞተው።»

«የኔም አባት ነበሩ፣ ጠና። አልቀበርኳቸውም።»

ትርፊት ሐዳሳን አዝላ ከግቢው ወጣችና ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ድምፅዋን ሰምቶ ዞር ብሎ አያት፤ «መናኸሪያ» አለችው፣ «የዳምቦያው መኪና እንዳያመልጠኝ።» ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ ባልና ሚስት መሃል የምትገባበት ቦታ የላትም። ጠና የባጃጁን ብረት ይዞ ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ለቀቀው።

«አባዬ አይመጣም?» አለች ሐዳሳ።

«አይመጣም» አለች ትርፊት፤ በእስሩም በስቱዲዮውም ያልመጣው እንባዋ ያኔ ወረደ።