ሁለት ክፍል፣ አንድ ማጉያ

አድማሴ ከማጉያው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉን የመታው የማይክራፎን ማቆሚያ ብረት ከጎኑ ወድቋል፤ የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው፤ በቀኝ እጁ ደግሞ የተበጠሰ ሽቦ ጨብጧል። የፖሊሱ መቶ አለቃ አንዳርጋቸው የሟቹን ጣቶች አላቀቀና ሽቦውን በዓይኑ ተከተለው። የሚሄደው ወደ ትንሿ ክፍል ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1971 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ነው። አዳራሹን ቀበሌ ከወረሰው ወዲህ ለቀድሞዋ ባለንብረት ለወይዘሮ ጽጌሬዳ ከዚያ የቀራት ማጉያው ብቻ ነው። ቀበሌ ቤቱን፣ እሷ ዕቃውን ለስብሰባ ያከራያሉ። ሰው ሲበዛ ትርፉ ትንሿ ክፍል ይገባና በሽቦ የሚመጣለትን ድምፅ በስፒከር ያዳምጣል፤ ጥያቄ ካለው እዚያ በተተከለው ማይክራፎን ይናገራል። በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ጓዳ ተቀምጦ ክፍሎቹን የሚያገናኘው አድማሴ ነበር። ያን ጠዋት የተከራዩት የእህል ነጋዴዎች ናቸው። ስብሰባቸው ገና ከመከፈቱ ሰው ሞተባቸው።

ጓዳዋ ሁለት በር አላት። አንዱ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቁልፉ ጽጌሬዳ ዘንድ ነው። ሌላው ከትንሿ ክፍል የኋላ ወንበሮች ጀርባ ነው።

የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ደመቀ ምርመራ አላስፈለገውም። «ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ባሏ በላቸው በፀረ አብዮተኛነት ታስሯል። ለሰማዕታት የኅሊና ጸሎት በሚደረግበት ሰዓት መስመር ተቆረጠ። አሻጥር ነው፤ ይዣት እሄዳለሁ» አለ።

በዚያ ዘመን ደመቀ ይዞት ሄዶ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ አንዳርጋቸው።

«እስከ ምሳ ይጥራ» አለ ደመቀ።

ጽጌሬዳ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «ውጭ ጄኔሬተሩ ዘንድ ነበርሁ፤ ያየኝ የለም። አድማሴን እኔ ልግደለው? ጠዋት መጥቶ ‹ስብሰባው ሲያልቅ ስለ በላቸው የምነግርሽ አለኝ› አለኝ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳልሰማ!»

አንዳርጋቸው ከኋላው በር አጠገብ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ጠራ። መጀመሪያ የመጡት ከመካነ ብርሃን ገብስ ጭነው የወረዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ የኅሊና ጸሎቱ ሲደረግ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ምን አደርጋለሁ? እንደ ሰው ቆምሁ» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ግን ደመቀ ላይ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው የጤፍ ነጋዴዋ ሸዋረጋ ናት። «ከጸሎቱ በኋላ ስፒከሩ ዝም አለ። ልነግረው ብገባ…»

«ከጸሎቱ በኋላ?»

«አዎ፣ በኋላ። ቆመን ነበር እኮ! ሁላችንም ቆመን ነበር!» ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ሦስተኛው ባለወፍጮው ዳኛው ነው። እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። «የስብሰባው ሊቀመንበር ለሰማዕታት ተነሡ አሉ፤ ተነሣን። መካከል ላይ ሳል ያዛቸው፤ አፍነው ሊይዙት ታገሉ፣ ምስኪን። እኛ ግን ንቅንቅ አላልንም።»

አንዳርጋቸው ወደ አዳራሹ ሄዶ ሊቀመንበሩን ጥቂት ጠየቃቸው። ተመልሶ የትንሿን ክፍል ማይክራፎን ሲያይ ማብሪያው ክፍት ነው። ሁሉንም እዚያው ሰበሰባቸው።

«ይህ ሽቦ የተበጠሰው አድማሴ ሲወድቅ ነው» አለ። «ሊቀመንበሩ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምተዋል፤ ዕቃ መስሏቸው ‹ተነሡ› ሲሉ ቀጠሉ። እንግዲህ ጥሪው ሳይደረግ ስፒከራችሁ ሞቷል። እዚህ ያለ ሰው ‹ተነሡ› ሲባል አልሰማም። ተቀምጣችሁ ነበር።»

ሸዋረጋ ደመቀን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«በዚህ ማንም አይጠየቅም፤ ቃሌ ነው። ዝም ካላችሁ ግን ይህች ሴት መሄዷ ነው።»

አያ ወልደኢየሱስ ጽጌሬዳን አዩአት። «ተቀምጠን ነበር» አሉ። «ማጉያው ዝም ሲል እኛ የገበያ ወሬ ያዝን። ዞር ብል የዳኛው ወንበር ባዶ ነው። ለሽንት ወጥቶ ይሆናል አልሁ። ያን ብናገር ‹ሰማዕታት ሲዘከሩ ተቀምጠህ ታይ ነበር› እንዳልባል ፈራሁ።»

ዳኛው ሳቀ። «ሽማግሌው ጃጅቷል። እኔ ቆሜአለሁ።»

«በእርግጥ ቆመሃል» አለ አንዳርጋቸው። «እነሱ ሲናገሩ ፈሩ፤ ውሸት መሆኑን ያውቃሉና። አንተ አልፈራህም፤ የምትናገረው እውነት ነበር። የሊቀመንበሩ ሳል እዚህ አልደረሰም። ከአዳራሹ ውጭ የሚሰማው በጓዳዋ ስስ ግድግዳ በኩል ብቻ ነው። አዳራሹ ጸጥ ሲል ብትላወስ ይሰማብሃል። ስለዚህ ሬሳው አጠገብ ቆመህ ጸሎቱን አስጨረስህ።»

የዳኛው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጠዋት ክፍሉ ሳይሞላ እዚህ ስታወራ ማይክራፎኑ እንደ አሁኑ ክፍት ነበር፤ አድማሴ በማዳመጫው ሰምቶሃል። ክፍት መሆኑን ኋላ ስታይ መሰማትህ ገባህ። ለጽጌሬዳ ሊነግራት የነበረው ያንን ነው። በላቸውን የጠቆምኸው አንተ ነህ።»

«በላቸውን ወፍጮህን ሽጥልኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ዳኛው። «እምቢ አለኝ።»

ጽጌሬዳ ጩኸቷ ከአንጀቷ ወጣ። የደመቀ ጠባቂዎች ዳኛውን አስረው ደጅ ወደ ቆመው ማኪናቸው ሲነዱት ደመቀ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንተም ና። ተቀምጬ ነበር ብለሃል።»

«ቃል ሰጥቻቸዋለሁ!» አለ አንዳርጋቸው።

«አንተ ሰጠህ እንጂ እኔ አልሰጠሁም።»

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ‹እኔም› ያለ አልነበረም፤ ሸዋረጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ጽጌሬዳ የሽማግሌውን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።

«ተይ ልጄ» አሉ አያ ወልደኢየሱስ እጇን እያላቀቁ። «አንቺ ቤትሽ ግቢ።»

አንዳርጋቸው ከሰው አፍ እውነት በማውጣት የተመሰገነ ሰው ነበር። በሙያው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሽማግሌውን ደግፎ ማኪናው ላይ አወጣቸውና እሱም ተከትሎ ወጣ።

«መቶ አለቃ፣ አንተን ማን ጠራህ?» አለ ደመቀ።

«ያናገርኋቸው እኔ ነኝ» አለና ከጎናቸው ተቀመጠ።