ያልተመለሰው ኒሻን

በኤልቃን ቤተ መንግሥት፣ በኒሻን አዳራሽ፣ ከአንድ ባዶ ምስማር ደም መንጠብጠብ ጀመረ። ቲርሳን ይህን ስትሰማ ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ምስማሩ የሟቹ አባቷ የኦርጋድ ኒሻን መስቀያ ነበር።

ያን ኒሻን ጥንት ንጉሥ ዛርሞድ ያሠራው ዘንዶ ከታሰረበት ሰንሰለት ብር ነው። ስምንት ጫፍ ያለው መስቀል ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ሰማያዊ ግንብ ተሥሎበታል፤ ጥብጣቡ ጥቁርና ቢጫ ነው፤ ከጀርባው «እስኪተኩህ ጠብቅ» ተብሎ ተቀርጿል። ያጠለቀው ሰው፣ ቢሞትም እንኳ፣ እስኪተኩት ከዘቡ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጀግናው ሲሞት፣ ገላው ሳይቀዘቅዝ ኒሻኑ ተነቅሎ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ሕጉ ለቲርሳን ጭካኔ መሰላት። በልቅሶው ግርግር «ጠፋ» ብላ፣ ኒሻኑን ከአባቷ ከፈን ጋር ሰፋችው።

አሁን ኦርጋድ ከመቃብሩ ተነሥቶ፣ በሕይወቱ ዘብ የቆመበትን የሞርሳንን የተራራ በር ይጠብቃል። ወዳጅና ጠላት መለየት ግን ተስኖታል። ሊያልፍ የሞከረ ሁሉ በሰይፉ አለቀ፤ ከበሩ ማዶ ያለውም ሕዝብ እህል አጥቶ እየረገፈ ነው።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የምፈታውም እኔ ነኝ» ብላ በንጉሡ ፊት ማለች። የአባቷ የጦር ጓድ፣ ሽማግሌው ሙራቅ፣ ተከተላት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ከጭጋጉ ውስጥ ብረት ድንጋይ ሲፍቅ ተሰማ። አባቷ ከነከፈኑ መጣ፤ ደረቱ ላይ የገዛ ስፌቷ ይታያል። ሙራቅ ጋሻውን ቢደቅን ጋሻው ተሰነጠቀ፤ እሱም ተዘርሮ ወደቀ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

አላወቃትም። ሰይፉን አነሣ። ያን ጊዜ ገባት፤ ዘበኛ ቦታውን የሚለቀው ለተረኛው ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ተይ» አለ ሙራቅ ከወደቀበት። «የዘብ መረከቢያውን ቃል ካልሽ እስክትሞቺ ከዚህ አትወርጂም።»

ፈራች፤ እጅግ ፈራች። ቢሆንም «ዘቡን ተረክቤያለሁ» አለች።

ሰይፉ አንገቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሙቱ ስፌቱን በጣቶቹ በጥሶ ኒሻኑን ደረቷ ላይ አኖረላት። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ፤ ዳግም አልተነሣም።

በሩ ተከፈተ። ቲርሳን ግን አንድ እርምጃ ልትራመድ ብትል እግሯ እምቢ አላት።

«ጋሼ ሙራቅ፣ ስሞት ኒሻኑን ማን ይነቅልልኛል?»

ሽማግሌው አለቀሰ። «እኔ ካንቺ ቀድሜ እሞታለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ስሞት ገላዬ ሳይቀዘቅዝ እንዲነቅሉልኝ ለሚያልፉት ሁሉ ንገርልኝ።»

ከዚያ ወዲህ የእህል ነጋዴዎች በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ከሩቅ ቆመው «እንደምን አለሽ?» ይላሉ። «ደኅና ነኝ፤ እለፉ» ትላቸዋለች። መልሱ በዘገየ ቀን፣ የበቅሎዎቻቸውን ልጓም ጨብጠው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።