ከክቡ ያልገጠመው ቁጥር

አዛውንቱ የሒሳብ መምህር ከሦስተኛ ፎቅ መስኮታቸው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ጎረቤት ሁሉ «ራሳቸውን ጣሉ» ብሎ ፈረደ። ሚስታቸውን ከሞቱ ይልቅ የጎዳት ይሄ ፍርድ ነበር።

«እኔን ጥሎ? ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ?» አለች፣ የመርማሪዋን እጅ አጥብቃ ይዛ።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ሰው ማጽናናት አይሆንላትም። ዓይኗን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዳለው ጥቁር ሰሌዳ መለሰች። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ቁጥር አለ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ በክብ የታጠረች ሰባት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ልማዱ ነው። ቁጥር ከጻፈ አሃዞቹን ይደምርና ዘጠኝ ዘጠኙን ጥሎ የተረፈውን እዚያ ያኖራል፤ ስህተት እንዳይገባ። ሳይገጥምለት እህል አይቀምስም።»

ታናሽ ወንድማቸው አናጢው ተነጫነጨ። «ብቸኛ ቁጥር ይሁን አይሁን፣ ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ ይኑረው አይኑረው ሲል ዕድሜውን ፈጀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እኔ የቁጥሩን የመጀመሪያ አሃዞች እንኳ አላውቅም።»

«እኔስ ብሆን» አለች ሚስትየው።

የመምህሩ ረዳት ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ከዚህ ስወጣ ያንን ቁጥር ጽፈው በተስፋ መቁረጥ ያዩት ነበር። ብቸኛ መሆኑን እኔ አረጋግጬ የዶክትሬት ጽሑፌን ሠርቼበታለሁ፤ እሳቸው አላምን አሉ።»

«በቃልህ ትወጣዋለህ?»

«በእንቅልፌም!» ፊቱን ከሰሌዳው አዙሮ አንበለበለላት፤ መርማሪዋም ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰሌዳው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ክቡ ሰባት ይላል። የሰሌዳውን አሃዞች ስደምር ግን የተረፈኝ አራት ነው። ሳይገጥምላቸው እህል የማይቀምሱ ሰው እንዲህ ጽፈው አይተዉም። ረዳታቸው በቃሉ የነገረኝ በትክክል ሰባት ይሰጣል። ልዩነቱ አንድ ቦታ ነው፤ ስድስት መሆን የነበረበት ሦስት ሆኗል። ስለዚህ ሰሌዳውን ሌላ ሰው አጥፍቶ እንደገና ጽፎበታል። ክቡን የተወው ያንኑ ቁጥር ስለሚጽፍ ነው።»

«ማነው እሱ?» አለ አናጢው።

«ይህን ሁሉ አሃዝ በቃሉ የሚያውቅ። ግን ተጣድፎ ጽፏል።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «ምን ነበር ያጠፋኸው?»

ረዳቱ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «ማባዛቱን። ሁለት ቁጥሮች አባዝተው ያንን ቁጥር አወጡ። አካፋይ አገኘሁለት ብለው እንደ ልጅ ዘለሉ። ድካሜ ሁሉ ገደል ሲገባ ታየኝ። ገፋኋቸው።»

«ደስ ብሎት ነበር?» አለች ሚስትየው። «ጥሎኝ አልሄደም?»

«አልሄዱም» አለች መርማሪዋ። የሴትዮዋ ፊት ለአፍታ ፈካ አለ።

ረዳቱ ግን አልጨረሰም። «ቤት ገብቼ በኮምፒውተር አካፈልኩት። አይካፈልም። ሲያባዙ ሁለት አሃዝ ተቀያይሮባቸዋል፤ የአሃዞቹ ድምር ያው ስለሆነ ክቡ አላጋለጠውም።»

«ታዲያ ከመግፋትህ በፊት ምናለ ብታካፍለው?» አለች ሚስትየው።

«እማማ፣ እሳቸው እኮ ተሳስተው አያውቁም!»