በአንድ ሌሊት የተሰፋው ካፖርት

«ውሸቷን ነው» አለች አክስቷ፣ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን መርፌ አውጥታ።

ልጅቷ ከመጽሐፉ ቀና አለች። ለአሥራ አንደኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የታዘዘውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እየተረጎመች ለአክስቷ ማንበብ ከጀመረች ሳምንት አልፏታል። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። አንዷ ስታነብ አንዷ ስትሰፋ ከሰዓቱ ሳይታወቃቸው ያልፋል።

«ማናት የዋሸችው?»

«ሚስትየዋ ናታ። ባሏ ልሄድ ነው ያላት ማታ፣ ካፖርት ሰፍታ አልብሳ የሸኘችው ጠዋት። ገበር ያለው ካፖርት፣ ያውም በእጅ። እኔ እንኳ በመኪና ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። አውቃለች ልጄ። ገና ድሮ አውቃ፣ እየደበቀች ስትሰፋለት ከርማለች።»

ልጅቷ ክው አለች። መምህራቸው ጻፉ ያሏቸው ስለዚሁ ነበር፤ ሚስትየዋ የባሏን መሄድ አስቀድማ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ክፍሉ በሙሉ አታውቅም ብሏል። ክርክር ስለሚወድ «ጠበቃው» የሚሉት ልጅማ ሽንጡን ገትሮ ሌላ ሐሳብ ያለውን ሁሉ መፈናፈኛ አሳጥቷል። ስለ ካፖርቱ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ያንኑ ጽፋ ሰጠች።

መምህሩ ወረቀት ሲመልሱ የእሷን ለመጨረሻ አስቀሩት። ይህን መጽሐፍ ስንት ዓመት ሲያስተምሩ ኖረው ነገሩ ለእሳቸውም ታይቷቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ የሚነበበው የእሷ ጽሑፍ እንዲሆን ወሰኑ፤ በንጹሕ ገልብጣ ነገ እንድታመጣም አዘዟት።

«እንዴት መጣልሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እንዲሁ ሳስብ... መጣልኝ፣ ቲቸር።»

ቃሉ ሳታስበው አመለጣት። ክፍሉ አጨበጨበ። በእንግሊዝኛ ከመሀል ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናትና ጭብጨባው ጆሮዋን አሞቀው። ጠበቃው እንኳ ዞሮ፣ «ይመችሽ፤ ዛሬስ አፌን አስያዝሽኝ» አላት። ደስታው እስከ ቤቷ ደጃፍ አብሯት መጣ።

አክስቷ የሰማችው ጽሑፏ ተመርጦ በወላጆች ቀን እንደሚነበብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማት። ቀሚሷን ልትወስድ ለመጣችው ደንበኛ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለገባው ጎረቤት፣ ለሁሉም አወራች። «ጭንቅላቷ የእናቷ ነው፤ እኔማ ምን አውቅና» ትላለች እየሳቀች። የገዛ ቃሏ ወረቀቱ ላይ መስፈሩን አታውቅም። በወላጆች ቀን ከፊት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ግን ከወዲሁ ለሰፈሩ አሳወቀች።

ልጅቷ ያን ጊዜ ታያት፤ አክስቷ ከፊት ተቀምጣ፣ የራሷን ነገር ከመድረክ የሰው ሆኖ ስትሰማው። ምንም እንደማትላት ታውቃለች። የከበዳትም እሱ ነው።

ሰዉ ሲወጣ ወረቀቷን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። አናቱ ላይ፣ «ልብስ ሰፊዋ አክስቴ እንዳለችው» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ነገ ከደወሉ በፊት መምህሩ ቢሮ ገብታ ምን እንደምትላቸውም በልቧ አሰናዳች። ጠበቃው አንድ ወር ሙሉ እንደሚስቅባት አልጠፋትም። ይሳቅ።

«እቴቴ፣ የካፖርቱን ነገር ያልሽው አንቺ ነሽ ብዬ ጽፌያለሁ። ገበሩ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። አክስቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«እንግዲያው በትክክል ጻፊው» አለች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች። «ከልኬቱ እንጀምር።»