«ተንፍሺ» ማለት የረሳው ራጅ አንሺ

ራጅ አንሺው ያን ቀን አንዲት ቃል ረሳ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን እስካለፈው ወር ድረስ ለሰማኝም ላልሰማኝም ስከሰው ኖሬያለሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ነበሩ የሚመጡልን። ማሞቂያ ሣጥኑ ሁለት ብቻ ስለነበር፣ የቀሩትን እናታቸው ከአልጋ እስክትነሣ ድረስ በተራ ደረታችን ላይ ለጥፈን እናሞቃቸው ነበር።

ባልደረቦቼ «ሯጯ» ይሉኛል። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፣ ውኃ እየሄድኩ እጠጣለሁ፣ የቀረች ነርስ ካለች ተራዋን የምሸፍነው እኔ ነኝ። «ደክሞሻል እንዴ?» ያለኝን ሰው እንደ ሰደበኝ ነበር የማየው። ስተኛ ላብ ቢያጠምቀኝ ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀሚሴ ቢሰፋኝ ሩጫው ነው። ሳሉ ደግሞ የወለል መወልወያው ሽታ። እነዚህን ሦስቱን አንድ በሽተኛ ቢነግረኝ ዓይኔን ሳላሽ ወደ ምርመራ የምልከው ሴትዮ፣ ለራሴ ሲሆን ነርስነቴ ጠፋ።

ራጅ ክፍል የሄድኩትም ታምሜ አይደለም። ለሥልጠና ነው። የቀዶ ሕክምና ነርስነት፣ በትልቁ ሆስፒታል፣ አንድ ዓመት። ከእኛ ዘንድ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ አራት ዓመት ጠብቄ ተራው ደርሶኝ ነበር። ፋይሌ ውስጥ የጎደለው የደረት ራጅ ነው። ዓርብ መግባት አለበት፤ ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ በሩ ከባድ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ራጅ አንሺውን ከሰላምታ ያለፈ አላውቀውም። ቀጭን፣ ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ፣ ቃል ሲያወጣ የሚሰስት ሰው ነበር።

«ሲስተር፣ አገጭሽን እዚህ ላይ። ትከሻሽን ወደ ፊት። እንደሱ።»

ሄዶ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመ።

«አየር ሳቢ። ያዢ።»

ያዝኩ። ማሽኑ ጓ አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። «ተንፍሺ» የሚለውን ስጠብቅ ቃሉ አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ሳይነግሩት ይተነፍሳል። እኔ ግን ያዢ ያሉኝን ልቀቂ ሳይሉኝ የምለቅ ፍጥረት አልነበርኩም። ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ብዥ አለ። በመጨረሻ ሳሉ ራሱ ፈንቅሎ ወጣና አልቆም አለኝ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሮጦ መጣ።

«ይቅርታ ሲስተር! ይቅርታ፣ ረሳሁት!»

«ምኑን?»

«ተንፍሺ ማለቱን።»

«ሰው ልትገድል ነበር እኮ!»

«አንቺስ ካልነገሩሽ አትተነፍሺም?»

ሳላስበው ሳቅሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። በዚያ ሳምንት በሥራ ቦታ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ ሲያየኝ፣ ዓይኑ ውስጥ ከይቅርታው ሌላ ነገር ያየሁ መሰለኝ።

«ሳሉ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለኝ።

«የመወልወያው ሽታ ነው።»

ፊልሙን ሊያጥብ ተነሣ።

በማግሥቱ ክፍላችን በር ላይ መጥቶ ቆመ። ራጅ አንሺ በእግሩ ፎቅ ከወጣ ደግ ነገር ይዞ አይደለም። «አንድ ጊዜ ወደ ታች ብትመጪ» አለኝ፤ ከኋላው ተከትዬው ወረድኩ።

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለው። በቀኝ ሳምባዬ ጫፍ ላይ የተበተነ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። እንዲህ ያለውን የስንት ሰው ፊልም አይቻለሁ።

«ስሙ ተሳስቷል» አልኩት። «የኔ አይደለም።»

«ያንቺ ነው።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ትንፍሽ እንዳትል!» እጁን ያዝኩት። «ዓርብ ትለፍልኝ። የሌላ ሰው ንጹሕ ፊልም አታጣም፤ ስሜን ጻፍበት። እዚያ ሄጄ እታከማለሁ። አራት ዓመት ነው የጠበቅሁት፣ እግርህ ላይ እወድቃለሁ!»

ቢቆጣኝ መልስ ነበረኝ። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቀኝ።

«ትናንት ስንት ሕፃን አቅፈሻል?»

አራት ነበሩ። አንደኛዋ ገና ስም አልወጣላትም።

ዓይኔን የማሳርፍበት ስፈልግ ክፍት መሳቢያው ላይ አረፈ። ከእስክሪብቶና ከደረቀ የብርቱካን ልጣጭ መሃል ባጁ ተኝቷል። ራጅ አንሺ ሁሉ ደረቱ ላይ ማድረግ አለበት፤ በወር ስንት ጨረር እንደወሰደ የሚናገረው ይኸው ባጅ ነው።

«አንተስ?» አልኩት። «የሰው ሳምባ የምትቆጥር፣ የራስህን ጨረር መሳቢያ ውስጥ ትደብቃለህ?»

ጆሮው ቀላ።

«ብቻዬን ነኝ። የሁለት ሰው ሥራ ነው የምሠራው። ባጁ ከተናገረ ያግዱኛል፤ እኔ ከታገድኩ ክፍሉ ይዘጋል። በሽተኛው የት ይሂድ?»

«አየህ? እኔም እንደዚያው ነው የምለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ስንቱን መክረን፣ ራሳችን ደባቂ!»

ከዚያ ባጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ ሰካው።

«እኔ አደረግሁ» አለ። «የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ጋ አብረን እንሂድ፣ ወይ ብቻሽን ሂጂ። ሁለቱንም እንቢ ካልሽ ግን እኔ እሄዳለሁ። ይህን ነገር ይዤ ዛሬ ወደ ቤቴ አልገባም።»

እዚያ ላይ ጠላሁት። ከልቤ ነው የጠላሁት። «ዓይንህን አያሳየኝ!» ብዬው ወጣሁ። ግን እግሬ የወሰደኝ ወደ ሠራተኞች ሐኪም ክፍል ነበር። እሱም አሥር እርምጃ ያህል ርቆ እየተከተለኝ መሆኑን ከጫማው ድምፅ አውቄያለሁ።

ቲቢ ነው ተባልኩ። ስድስት ወር መድኃኒት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ደግሞ ከሥራ ርቄ እቤት። ዓርብ መጣች፣ ሄደች፤ ቦታዬ ለሌላ ነርስ ተሰጠ። ያቀፍኳቸው ሕፃናት ሁሉ እየተፈለጉ ተመረመሩ። ያን ጥበቃ ለጠላቴም አልመኘውም። በመጨረሻ ዋና ነርሷ ደውላ «አንዱም አልተያዘም» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ የማለቅሰው ለሥልጠናው መስሏት «ሌላ ይመጣል የኔ ልጅ» እያለች አጽናናችኝ። አላረምኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ረፋድ ላይ እማዬ ወደ አልጋዬ መጣች።

«አንድ ፎቶ አንሺ ነኝ የሚል ሰው በር ላይ ቆሟል።»

«ራጅ አንሺ ነው፣ እማዬ። አባርሪልኝ።»

እማዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከመስኮቴ ውጭ በርጩማ አወጣችለት። ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ባጁ ተናገረ» አለ። «ሁለት ወር ከራጅ ክፍል ታግጃለሁ።»

ፊቴን አዞርኩ።

«ክፍሉስ? ተዘጋ?»

«ከሌላ ሆስፒታል ሰው ላኩ። ያውም ሁለት።» ጭንቅላቱን እየነቀነቀ መሬት መሬት አየ። «ለካ ሰው ነበረ።»

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሁለት የማይተኩ ሠራተኞች፣ አንደኛው በርጩማ ላይ፣ አንደኛዋ ብርድ ልብስ ውስጥ፤ ሆስፒታሉ ያለ እኛ ቆሞ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ። ብርቱካን ይዞ ይመጣና ልጦ በሳህን መስኮቱ ላይ አስቀምጦልኝ ወደ በርጩማው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ምንም አንባባልም ነበር። ያ ዝምታ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ከዚያ በፊት ዝምታ የማውቀው አንድ ነገር ሲበላሽ ነበር።

እማዬ ግን ዝምታ አትወድም።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ስታነሣት ቆንጆ ሆና ወጣች?» አለችው።

«እማማ፣ እኔ ያነሣኋት ከውስጥ ነው። ሌላው ወንድ የሴት ልብ ለማየት ዕድሜውን ይፈጃል፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን አየሁት።»

«እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?»

«ትንሽ ወደ ግራ ያደላል።»

እማዬ ጥቂት አሰበችና «የአባቷ ነው» አለች። እሱ የሁሉም ሰው ልብ ወደ ግራ እንደሚያደላ ሊነግራት አልደፈረም።

አንድ ቀን፣ ምን እንዳነሣሣኝ እንጃ፣ ለማንም ያላወራሁትን አወራሁለት። ደረቴ ላይ እያለ ትንፋሹ ስለቆመ ሕፃን። ለእናቱ ከሰጠሁት በኋላ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር የሚቀጥለውን ልጅ መድኃኒት ልሰጥ እንደሮጥኩ። ለዚያ ልጅ እስከ ዛሬ አለማልቀሴን።

«ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ይዘሽው?» ቀስ ብሎ ተነሥቶ መስኮቱ ድረስ ቀረበ። «እንኳን ተነፈስሽ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሁለታችንም ደነገጥን። ጆሮው እንደ ልማዱ ቀላ።

«ዘገየህ እንጂ» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ፣ «አልቀረህም።»

እንደወደድኩት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ለመጨረሻው ራጅ ሄድኩ። እሱ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ባጁ ደረቱ ላይ፣ አዲስ ረዳት ባልደረባም ተቀጥሮለታል። ያን ቀን ግን ባልደረባውን ምሳ ብላ ብሎ አስወጥቶታል።

«አገጭሽን እዚህ። አየር ሳቢ። ያዢ።»

ያዝኩ። ማሽኑ ጓ አላለም። ከመስታወቱ ጀርባ ድምፁ ብቻ መጣ።

«ታገቢኛለሽ?»

ትንፋሽ አስይዞኝ!

«አሁን ተንፍሺ» አለ።

«አንተ የማትረባ!» አልኩት፤ ሳቁ ከትንፋሹ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። «መጀመሪያ ራጁን አንሣ። የሳምባዬን ነገር እንወቅ፣ ስለ ልቤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሳምባዬ ንጹሕ ነበር። ልቤም በነበረበት፣ ወደ ግራ አድልቶ። በዚያው ዓመት ተጋባን።

የሥልጠናው ቦታ ተመልሶ አልመጣም። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ወደዚያ ይዞር ነበር። ወደ ሕፃናቱ ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ ዋና ነርስ ስሆን መጀመሪያ ያዘዝኩት ወንበር ነው። «ቆማ የበላች ነርስ እንዳላይ» አልኩ። አዳዲሶቹ ልጆች ይስቁብኝ ነበር፣ ግን ይቀመጡ ነበር።

ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ ተደወለ። አሮጌው ማሽን ሊነቀል ነውና ጡረተኞች መጥታችሁ ተሰናበቱት ተባልን። ተያይዘን ሄድን። የግድግዳው አረንጓዴ ተልጧል። ወጣቱ ራጅ አንሺ ስለ አዲሱ ማሽን ሲያወራ ባለቤቴ የሚሰማ አልመሰለኝም፤ አሮጌውን ብረት በእጁ ይዳብስ ነበር።

እኔ ለቀልድ ሄጄ አገጬን ማሳረፊያው ላይ አደረግሁ። ማሽኑ መብራቱ ከተቆረጠ ሰንብቷል። ባለቤቴ ግን ልማድ ሆኖበት ከመስታወቱ ጀርባ ሄዶ ቆመ።

«አየር ሳቢ። ያዢ።»

ያዝኩ። ጸጥ አለ። ጠበቅሁ፤ ቃሉ አልመጣም። የአሮጊት ሳምባ እንደ ድሮው አይታገሥም። በመጨረሻ ለቀቅሁትና ዞሬ አየሁት። ከመስታወቱ ጀርባ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቆሟል።

«ዛሬም ረሳኸው?» ብዬ ጮህኩበት።

በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማኝ።

«ያኔም አልረሳሁትም።»

«ምን?»

«አልረሳሁትም።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ስከስህ ዝም ብለህ?»

«ምን ልበል? አይቼሽ እኔም ይዤ ነበር እኮ» አለ፤ ያ ያረጀ ጆሮው ቀላ። «ትንፋሹን የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ ተንፍሺ ይላል?»

ወጣቱ ፊቱን አዞረልን። እኔ ብረቱን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ሯጯ፣ ያ ሁሉ ጡረተኛ ደጅ ላይ ሲጠብቀን፣ ለመሄድ አልቸኮልኩም።